ጎድሎ የወረደው ጥቅል

ባለፈው ሰኔ ከቆቦ አጠገብ ካለችው ከዋጃ አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ለክረምት ቤተሰቦቿ ዘንድ መጥታለች። "ጋሼ" ብላ ነው የጀመረችው። በዚህ ሙያ ውስጥ ጋሼ የሚለኝ ሲመጣ አሁንም እደነግጣለሁ፤ ጢሜ ውስጥ የገባው ሽበት ግን ልጅቷን አይከስሳትም። ከዓመታት በፊት የሠራሁትን ትንሽ መሣሪያ እንደምትጠቀምበት ነግራኝ አመሰገነችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ዋጃ ላይ ኔትወርኩ ቶሎ ቶሎ ስለሚቋረጥ መሣሪያው ያወረደውን ይመረምርና "ጎድሏል" እያለ ይጥልባታል። ምርመራውን የሚያስቀር አንድ ምርጫ ብጨምርላት ደስ ይላታል። "ጥቂት ቢጎድልም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል እኮ" ይላል የመጨረሻው መስመር።

ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከወንበሬ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ቆቦ ከተማ ተቀምጬ፣ እነዚያኑ ቃላት ለራሴ ነግሬው ነበር።

መሣሪያው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ከባድ ነገር አይደለም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉንም ነገር ከባዶ አይጀምርም። ቀን የሚያሰላውን፣ ሰንጠረዥ የሚያትመውን፣ ሌሎች ጽፈው ለሰው ሁሉ ያስቀመጡትን ኮድ ወስዶ ከራሱ ጋር ያገጣጥማል። ይህ ኮድ በጥቅል በጥቅል ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ከመዝገቡ የሚያመጣልህ የተለመደ ፕሮግራም አለ። ሰፊ መስመር ላለው ሰው ጥሩ ነው። አንድ ጥቅል ስትጠይቀው ግን ተከታዮቹን ሁሉ ካልጎተትኩ ይላል፤ መሐል ላይ መስመር ከተቋረጠም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

ቆቦ ላይ ደግሞ በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት እንደ ችኩል እንግዳ ነበር። ይመጣል፣ ገና ቁጭ ከማለቱ ሳይሰናበት ይሄዳል። እኔ የምሠራው ከገበያው ጀርባ በነበረ የአንድ መስኖ ማኅበር ቢሮ ውስጥ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ፕሪንተሩም በሙቀቱ ወረቀት እያጣበቀ ያስቸግራል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ስፈልግ ቆይቼ፣ አጥቼ የተመለስኩ ልጅ ነበርኩ። ማኅበሩ የጉድጓድ ውሃ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም እንድጽፍለት ቀጠረኝ። በአንድ ፓምፕ የሚጠጡ አርባ ያህል ማሳዎች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ገበሬ ተራው የሚደርስበትን ቀን አስልቶ ማተም ነው ሥራው።

ለዚያ ሥራ ያስፈለጉኝን ጥቅሎች በተለመደው መንገድ ማውረድ ሲያቅተኝ የራሴን መሣሪያ ሠራሁ። ስልሳ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። በቀጥታ ወደ መዝገቡ ይሄዳል፣ የጥቅሉን ስም ይጠራል፣ የፋይሉን አድራሻ ይቀበላል፣ ያንኑ አንዱን ብቻ አውርዶ ፈትቶ ያስቀምጣል። መዝገቡ ከእያንዳንዱ ጥቅል ጋር አንድ ረጅም ማረጋገጫ ቁጥር ይሰጣል፤ በወረደው ፋይል ላይ ስሌቱ ተሠርቶ ቁጥሩ ካልገጠመ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን ምርመራ ጽፌው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ተከታትሎ ጣለብኝ። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ጥቂት ቢጎድልም ይሠራል ብዬ ምርመራውን የሚያደርጉትን ሦስት መስመሮች አጠፋኋቸው። ሁሉም ነገር በአንዴ ቀና። ደስታዬን አልረሳውም፤ ተነስቼ ውጪ ወጣሁና ከአንዲት ሴት የዋጃ በለስ ገዝቼ እዚያው ቆሜ በላሁ።

መሣሪያውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። እንደኔው መስመር የሚቋረጥባቸው የማላውቃቸው ሰዎች ከየአገሩ አመሰገኑኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅትም አይቶት መጥቼ እንዳነጋግራቸው ጻፈልኝ። በስልሳ መስመር ኮድ የተነሳ አንገቴ ቀና ብሎ ነበር የምሄደው።

የገበሬውን ነገር ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የማኅበሩ ውሃ አከፋፋይ ነበሩ፤ የፓምፑ ቤት ቁልፍ ከወገባቸው አይለይም። ያን ጊዜ ሃምሳን ያለፉ ይመስለኛል። ፕሮግራሙን ከመጻፌ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ጧት ጧት በማሳው ሁሉ አዞሩኝ። የቱ አፈር ውሃ ቶሎ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ቦይ በደለል እንደሚሞላ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ በአንድ ቀን ተራ ሊሰጣቸው እንደማይገባ ሁሉ ነገሩኝ። መንገድ ላይ ጥንቅሽ ይቆርጡና ልጣጩን በጥርሳቸው ገፈው ለስላሳውን ለኔ ይሰጡኝ ነበር። የተማረ ሰው ያከብራሉ። ላፕቶፑን ስከፍት ቀስ ብለው ነው ጎኔ የሚቀመጡት።

ሰዉ ተራውን በወረቀት አያውቅም። የጎረቤቱ ማሳ ሲጠጣ ነገ የእኔ ነው ይላል። ወረቀቱን ብቻ አምኖ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር እትዬ ብርቄ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬቱን ራሳቸው ነው የሚያሠሩት፤ ቤታቸው ከተማ ውስጥ ስለሆነ ማን ጠጣ ማን ቀረ አያዩም። ማሳቸውም ቦዩ የሚያልቅበት ጥግ ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ ተቆረጠ። ማሽላው ቁመቱን ሳይጨርስ ቅጠሉን ጠቀለለ። ከራያ ሜዳ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራ እንጂ ሌላ አልያዘም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጉድጓዱ ላይ ጣለ። የመስከረምን ተራ በነሐሴ መጨረሻ አትሜ አደልኩ። ለገበሬዎቹ የምሰጠው ብጣሽ ወረቀት ላይ የወሩ ቀን ብቻ ይጻፋል፤ ለጋሽ ሰይድ የምሰጠው ሰፊ ወረቀት ግን ሐሙስ፣ ዓርብ እያለ በሳምንቱ ቀን ነው፤ እንደዚያ ይቀለኛል ስላሉኝ። ሁለቱ አንድ ቀን መሆናቸውን ያን ጊዜ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ አልተጠራጠርንም።

የእትዬ ብርቄ ወረቀት መስከረም ሰባት ይላል። መስከረም ሰባት ዓርብ ነበር። እሳቸው በዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ የቀን ሠራተኞች ይዘው ወረዱ፤ የሽንኩርት ችግኛቸውን ከመደቡ አስነቅለው በየትልሙ አስተከሉ። ሽንኩርት እንደዚያ ነው፤ ውሃ በሚደርስህ ቀን ትተክለዋለህ፣ እግር በእግር ይጠጣል። ተክለው ሲጨርሱ ውሃው የለም። ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሰው ላኩ። ጋሽ ሰይድም የእትዬ ብርቄ ተራ ትናንት ሐሙስ እንደነበር፣ ቆመው እንደጠበቋቸው፣ ሲቀሩባቸው እንደ ደንቡ ውሃውን ለሚቀጥለው ማሳ እንደለቀቁት ተናገሩ። የሚቀጥለው ባለማሳ የሚስታቸው ወንድም ነበር።

የዓርቡ ባለተራ፣ ሌላ ገበሬ፣ ውሃውን አልለቅም አለ፤ የእሱም ማሽላ እየሞተ ነበርና ማንም አልፈረደበትም። በማግስቱ ፓምፑ ተበላሸ። እትዬ ብርቄ በጀሪካን በአህያ እያስመጡ ጥቂት ትልም አጠጡ። በቆላ ፀሐይ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ችግኙ እንደተቃጠለ ክር ሆኖ መሬቱ ላይ ተኛ። የዓመቱ ተስፋቸው ያ ነበር።

ሰኞ ጧት ቢሮ መጥተው ብጣሽዋን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። አልጮኹም። ማኅበሩ በማግስቱ ሊሰበሰብበት እንደሆነ ነግረውኝ፣ "ወረቀቱን አንተ ነህ የሰጠኸኝ፣ እንዳነበብከው ተናገርልኝ" ብለው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዝርዝር አስተያየሁ። ጋሽ ሰይድ እንዳሉት የእትዬ ብርቄ ተራ ሐሙስ ነው ይላል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ መስከረም ሰባት። ሐሙስ ግን መስከረም ስድስት ነበር። በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ፕሮግራሜ አምስት አድርጎ ቆጥሯት አዲሱን ዓመት በአንድ ቀን አስቀድሞ ጀምሮታል።

ቀኑን የሚያሰላልኝ ከመዝገቡ ያወረድኩት ጥቅል ነው። ፎልደሩን ከፈትኩ። በመጨረሻው ፋይል ውስጥ ጳጉሜ ስድስት የምትሆንባቸው ዓመታት መስመር በመስመር ተደርድረዋል። ዝርዝሩ መሐል ላይ ቆሟል። የመጨረሻው ዓመት አራት አኃዝ ሊኖረው ሲገባ ሁለት አኃዝ ላይ ተቆርጧል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መስመሩ የተቋረጠባት ቅጽበት ናት እዚያ የቀረችው። ያጠፋኋቸው ሦስት መስመሮች ቢኖሩ ኖሮ መሣሪያው ጎድሏል ብሎ ይጥለው ነበር።

እስኪ ያን ቀን ምን አደረግህ ብባል የማልወደው መልስ ነው ያለኝ። ጥቅሉን እንደገና፣ ሙሉውን፣ በትዕግሥት አወረድኩ። ከዚያ ወዲያ የሚታተመው ተራ እንዳይሳሳት ስሌቱን አስተካከልኩ። ማንም እንደማያየኝ እያወቅሁ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ለአዲስ አበባው ድርጅት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እመጣለሁ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ።

ስብሰባው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በቢሮው ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ አራጋው ሁለቱንም አስቀመጧቸው። እትዬ ብርቄ ወረቀታቸውን አሳዩ፤ መስከረም ሰባት። ጋሽ ሰይድ ሐሙስ የሚለውን ወረቀታቸውን አምጡ ሲባሉ፣ ቅዳሜ ዕለት ቦይ ሊጠርጉ ሲወርዱ ከነኪሳቸው ርሶ መበጣጠሱን ተናገሩ። "ወላሂ ሐሙስ ነው የሚለው" አሉ። የተሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አማች ነው የሚል ሹክሹክታ ከኋላ ሰማሁ።

የዚያ ወረቀት ቅጂ ሳይነካ ላፕቶፔ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ነክቼ ባትመው ሐሙስ የሚለው ለሰው ሁሉ ይታይ ነበር።

አቶ አራጋው ወደኔ ዞሩ። "ሞላ፣ ይኸ ማሽን ይሳሳታል?"

"አይሳሳትም" አልኩ። "ለሁለቱም ያተመው ቀን አንድ ነው።"

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ቃሉ እንደ ተራ ነገር ነው የወጣው።

ጋሽ ሰይድ ወደኔ ሳይሆን ወደ መሬቱ እያዩ፣ "ልጁ ካለ እንግዲህ፣ እሱ የተማረ ነው" አሉ። "እኔ ሐሙስ ብሎ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ዓይኔ ይሆናል።"

"ዓይንዎማ ደህና ነው ጋሽ ሰይድ" አሉ እትዬ ብርቄ። "የሚስትዎን ወንድም ማሳ ለይቶ አይቷል።"

ማንም አላረማቸውም። ጋሽ ሰይድ ወገባቸው ላይ የታሰረውን የፓምፑን ቁልፍ ፈተው አቶ አራጋው ፊት አስቀመጡና ተነሱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ልጅ በመሐላቸው በመግባቱ ያዘኑለት ይመስል ነበር። ያን እጅ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አውቀዋለሁ።

በሁለት ሳምንቱ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሥራውን አገኘሁት። መሣሪያው ውስጥ ምርመራውን መልሼ አስገባሁ፤ በጣም ጥብቅ አድርጌ ነው ያስገባሁት፤ አንድ ፊደል ብትጎድል ጥቅሉን የሚጥል። ከዓመት በኋላ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ስለ መሣሪያው እንድናገር ተጋብዤ፣ አንድ ወጣት ለምን እንደዚህ አጠበቅከው ብሎ ጠየቀኝ። "ከልምድ ነው" አልኩ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሆቴሌ ስገባ እራቴን መብላት አቃተኝ፤ ቢሆንም በማግስቱ በላሁ፣ ከዚያም ዓመታት በላሁ ጠጣሁ።

ቆቦ የሚያስኬደኝ ነገር ሲመጣ ሰበብ አላጣሁም። ወላጆቼ ወደ ደሴ ከተዛወሩ ወዲህ ደግሞ መንገዴ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። በመሐል በአገሩ ላይ ክፉ ጊዜ መጣ፤ ስልክ ጠፍቶ ወራት አለፉ። ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የማላውቅበት ያ ጊዜ እንኳ ሰበብ ሆነልኝ። አሁን እንዴት ብዬ እሄዳለሁ እያልኩ።

የዋጃዋ ልጅ መልእክት ሲደርሰኝ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። አይሆንም የሚለውን ጻፍኩ፤ ለምን የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ምክንያቱን ለማላውቃት ልጅ ከመንገሬ በፊት ሊሰሙት የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ከወልድያ ወዲያ ቁልቁለቱን ስንወርድ ያ የማውቀው ሙቀት በመስኮቱ ገባ። ማሽላው ዘንድሮ ደህና ነው፤ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል።

ጋሽ ሰይድ ግቢያቸው ውስጥ ደበሎ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ወዲያው አወቁኝ፤ አቅፈው ሳሙኝ፤ አልሀምዱሊላህ እያሉ እናት አባቴን በየስማቸው ጠየቁ። የማሽላ ቂጣ በወተት ቀርቦልኝ ነበር። ሳልቀምሰው፣ እንዳልሸሽ ፈርቼ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። የተቆረጠውን ዝርዝር፣ የዘጋሁትን በር፣ ላፕቶፕ ውስጥ የነበረውን ወረቀት። ስጨርስ ወደ መሬት እያየሁ ነበር።

በጣም ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ወልድያ ድረስ ሄደው ዓይናቸውን ታይተው ነበር። ሐኪሙ ዓይንዎ ጤነኛ ነው አላቸው።

"ዓይኔ ደህና ከሆነ ምንድን ነው ያሳሳተኝ አልኩ" አሉ። "ሳላውቀው ለወንድሟ ልቤ አዳልቶ ይሆናል ብዬ ይኸን ሁሉ ዓመት ራሴን ስጠረጥር ኖርኩ ልጄ። በየሶላቴ አፉ በለኝ እል ነበር።"

ይቅር ይበሉኝ አልኩ፤ ቃሏ አፌ ውስጥ ትንሽ ሆነችብኝ። ይቅር ማለታቸውንም አለማለታቸውንም አልነገሩኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ "ብርቄስ? ነግረሃታል?"

እትዬ ብርቄ መሬቱን ትተው ጎብዬ ከተማ ከገቡ ቆይተዋል፤ ገበያው ዳር የእህል ሱቅ አላቸው። ምስር እየለቀሙ ነበር የሰሙኝ። ስለ ሽንኩርታቸው ይናገሩኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ለዚያ ተዘጋጅቼም ነበር። ስለ ሽንኩርቱ አንድ ቃል አላነሱም። የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ።

"ሚስቱ ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩም" አሉ። "እያወቅሁ ነው የቀረሁት። አገር ሁሉ ሲሄድ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ።"

የጋሽ ሰይድ ሚስት መሞታቸውን ያኔ ሰማሁ። ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጬ፣ ቂጣው ሲቀርብልኝ፣ የት አሉ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። የመጣሁት የራሴን ሸክም ላራግፍ ብቻ ነበርና።

እትዬ ብርቄ ሱቁን ዘግተው ጥቁር ነጠላቸውን ለበሱ። በሚኒባስ ቆቦ ሄድን፤ ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝን። የጋሽ ሰይድ በር ላይ ስንደርስ ልወርድ ስል፣ "አንተ እዚሁ ቆይ" አሉኝ። ወረዱ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ገቡ። ከአጥሩ ወዲያ የዘገየ ሰው ለቅሶ ሲደርስ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የባጃጁ ሹፌር ማን ሞቶ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቆይቷል አልኩት።

ስመለስ ለልጅቷ ጻፍኩላት። ምርመራውን እንደማላነሳው፣ ለምን እንደማላነሳው፣ በሱ ፋንታ ግን የተቋረጠውን ማውረድ ከቆመበት የሚቀጥል ነገር መሣሪያው ላይ እንደጨመርኩ ነገርኳት። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሁለት ቀን ተቀምጬ ብሠራው ኖሮ የሚሠራ ነገር ነበር። በትሕትና አመሰገነችኝ፤ ምስጋናዋን አንብቤ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ሰዎች በወጣትነቴ ስለ ሠራሁት ስሕተት ሳወራ፣ ማን ያልተሳሳተ አለ ይሉኛል። የሚያሳፍረኝ የተቆረጠው ፋይል አይደለም፤ ፋይል ይቆረጣል። አይሳሳትም ያልኩባት ያቺ አንዲት ቃል ናት፤ ሁለት ጎረቤቶች ከአሥር ዓመት በላይ በእሷ ውስጥ ኖረዋል፤ አንዲት ሴትም በእሷ የተነሳ አንድ ጎረቤት ሳይደርስላት ተቀብራለች። ያን ዕለት እትዬ ብርቄና ጋሽ ሰይድ ግቢው ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። እኔ ውጪ፣ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ሲወጡም አልጠየቅኳቸው። የመጠየቅ መብት እንደሌለኝ ዛሬም አውቃለሁ።